ያልደረቀው ጨው

የነፍስ አባቴ ይህን አያውቁም። ጾም መግደፌን፣ በሰው መቅናቴን፣ አክስቴ ታማ ሳለች ክፉ ቃል መመለሴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስግደት ሰጥተውኝ ሰግጃለሁ። ይህን ግን እሳቸውም አልሰሙ፣ ሌላ ሰውም አልሰማ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት «ለቄስ ስለ ካልሲየም ክሎራይድ እንዴት ብዬ አስረዳለሁ?» የሚል ነበር። እሱን ምክንያት ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ። ውሸትን ለመናዘዝ ኬሚስትሪ ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ? እኔ ዋሸሁ። ሁለት አጫጭር ውሸቶች ዋሸሁ፤ ሁለቱ ቢደመሩ ከአሥር ቃል አይበልጡም። በነሱም አንዲት ልጅ በገዛ እጇ ላይ የነበራትን እምነት ወሰድኩባት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ፊቴን አታዩትም፤ እኔም የእናንተን አላይም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርና ሳልዘልል ልናገር።

እኔ ትምህርት ዘግይቶ ያገኘኝ ሰው ነኝ። አባቴ በጉደር በኩል ገበሬ ነበር፤ ሴት ልጅ ፊደል ብትቆጥር ለማን ደብዳቤ ልትጽፍ ነው ይል ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ አክስቴ ወደ አምቦ አመጣችኝ። «ሀ» ብዬ ስጀምር አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። አንደኛ ክፍል ከጎኔ የሚቀመጡት ልጆች እግራቸው ከወንበሩ መሬት አይደርስም፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አይገባልኝም። «እማማ» ነበር የሚሉኝ። እማማ፣ ስንት ልጅ ወለድሽ? እማማ፣ ላጲስ አበድሪን፣ ለልጆችሽ ከተረፈ። አልመልስላቸውም። መልሴን የምሰጠው በፈተና ወረቀት ላይ ነበር፤ አንድ ነጥብ እንኳ ስሳሳት ቀኑን ሙሉ አልበላም። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እዚያው አምቦ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ።

ሥራዬ የመስታወት ዕቃ ማጠብ፣ ኬሚካል ማዘጋጀት፣ ብልቃጥ ላይ ስም መለጠፍ፣ ተማሪዎች ሲመዝኑም ሚዛኑ አጠገብ መቆም ነበር። ሚዛኑ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ባለ ሁለት ሳህን፣ ትንፋሽ እንኳ የሚያወዛውዘው ነው። እጁን ሳያደርቅ የመጣ ተማሪ እመልሳለሁ። ማጥለያ ወረቀቱ እርጥብ የሆነበትን እመልሳለሁ። ቁጥሩን ለራሱ እንዲመቸው ያጠጋጋውን እመልሳለሁ። ስሜ በላይነሽ ነው፤ ልጆቹ ግን «እትዬ ሚዛን» አሉኝ፣ ከገጠር የመጡትም በኦሮምኛው «አዴ ሚዛን»። ሊቀልዱብኝ ነበር ያወጡልኝ። እኔ ግን ወደድኩት። ዓመታት «እማማ» ስትባል የኖረች ሴት «ሚዛን» ስትባል ምን እንደሚሰማት እኔ አውቃለሁ። ያን ስም ለመጠበቅ ምን ያህል እንደምሄድ ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች በየዓመቱ የሚሠሩት አንድ ሙከራ አለ። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ነጭ ጨው ይመዘናል፣ በውሃ ይሟሟል፤ በሌላ ብርጭቆ የሟሟ የልብስ ሶዳ ይጨመርበታል። ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል። ከታች የሚዘቅጠው ዱቄት ጠመኔ ነው። በወረቀት ይጠለላል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ይህ ሥራ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ገና ዕቃ ሳይነካ በወረቀት ላይ የሚሰላው፣ የሚጠበቀው ምርት ነው፤ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ ግራም ጨው ከገባ አሥር ግራም ጠመኔ መውጣት አለበት። ሌላው በሚዛኑ ላይ በእውነት የሚገኘው ነው። ሁለቱ እኩል ሆነው አይቼ አላውቅም። ጥቂቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ጥቂቱ ከብርጭቆው ግድግዳ አልላቀቅ ይላል። ዘጠኝ ተኩል ያመጣ ጎበዝ ነው፣ ዘጠኝ ያመጣ ደህና ነው። የተገኘው ለሚጠበቀው ተካፍሎ በመቶ ይበዛል፤ መምህሩም የልጁን ጥንቃቄ በዚያች ቁጥር ይለካል።

ይህ ሁሉ ግን ጨው ደረቅ ከሆነ ነው። ይህ ጨው ውሃ ይወዳል፤ ክዳኑ ላላ ካለ ከአየሩ እየሳበ ይጠጣል። ውሃ የጠጣውን እንደ ደረቅ ቆጥሮ መመዘን፣ ነጋዴ ውሃ የረጨበትን ዛላ በርበሬ መግዛት ማለት ነው፤ ክብደቱ ሞልቶ በርበሬው ይጎድላል። ልጁ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ያልገባውን ጨው ጠመኔ ሊያደርገው አይችልም።

ነገሩ በተጀመረበት ዓመት ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሚዛኑ በክረምቱ እንዳይዝግ ብዬ ከዚሁ ጨው ጥቂት በሳህን አድርጌ በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ብልሃቱን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት፤ ኮርቼበትም ነበር። የጨውን ብልቃጥ ግን ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ ሰም ሳላፈስበት ሄድኩ። ለመሠረተ ትምህርት ወንጪ በኩል ተመድቤ መኪናው ውጭ ጡሩምባ እየነፋ ነበርና ቸኮልኩ። መስከረም ላይ ስመለስ ሚዛኑ እንደ አዲስ ያበራል። ጨው በብልቃጡ ውስጥ ረግረግ ሆኗል።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ወደ መምህሩ ሄጄ «ተበላሽቷል፣ እኔ ነኝ» ማለት። እኔ ግን በሩን ዘጋሁና ጨውን በብረት መጥበሻ ገልብጬ ላምባ ምድጃ ላይ ጣድኩት። ረፋዱን ሙሉ አማሰልኩት። ነጣ፣ ጠጠረ፤ ወቅጬ ወደ ብልቃጡ መለስኩት። አሮጌው ወረቀት በእርጥበቱ ተልጦ ወድቆ ስለነበር በጥሩ ጽሕፈቴ አዲስ ጻፍኩለት፤ «ካልሲየም ክሎራይድ፣ ደረቅ»። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን የገለጥኩት። ውሃው ጨርሶ እንዲለቀው ከሁለት መቶ ዲግሪ በላይ ሰዓታት መሞቅ አለበት ይላል። የኔ ምድጃና መጥበሻ ያን ያህል አይሰጡም። አነበብኩት፣ ገባኝ፣ መጽሐፉን ዘጋሁት። ስለዚህ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው በር ከዚያን ቀን ጀምሮ ለኔ ዝግ ነው።

ያች እምነቷን የወሰድኩባት ልጅ ለሊሴ ትባላለች፤ የመጣችው በጊንጪ ዙሪያ ካለው ከደንዲ ነው። ከሁለት ያገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጊንጪ የሚላክላቸውን ስንቅ እየጠበቁ ይማሩ ነበር። አባቷ የጴንጤዎች ሰባኪ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል፣ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈተዋል። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ በየምክንያቱም ያነሣባታል። እሷ እንደኔ መልስ አትመልስም። ከሷ ጋር ብዙ አላወራንም፤ ሁለት ዝምተኞች ምን ያወራሉ? ግን ሌሎቹ መዝነው ሲሮጡ እሷ ሚዛኑ እስኪረጋ ቆማ ስታይ አስተውላት ነበር። አንድ ቀን የማውቀውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠኋት። የአንድ ነገር መድረቅ በዓይን አይፈረድም አልኳት፤ መዝኚው፣ እንደገና አድርቂው፣ እንደገና መዝኚው፣ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ እስኪሆኑ አትመኚው። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ሠርታ አታውቅም።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። ለጤና ላቦራቶሪ ሥልጠና ከትምህርት ቤታችን አንዲት ሴት ተማሪ እንድትመረጥ ይላል። ለሊሴ በወረቀት በኩል ሁሉ ነገር ይጎድላታል፤ ከወጣት ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ የላትም፣ ለሰባኪ ልጅ ማኅተም የሚመታ ሊቀመንበርም አልነበረም። የኬሚስትሪ አስተማሪው መምህር ግርማ ግን ቀና ሰው ነበር። «በተግባር ሥራ ከሁሉ ከበለጠች የቀረውን እኔ ተከራክሬ እሞላዋለሁ» አለ፤ እሷ ባለችበት፣ እኔም በሰማሁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች ልጅ ስትራመድ እንኳ ሌላ ሰው ሆነች። አራት ሴቶች ስማቸው ቀረበ። መለያቸው የጠመኔው ሙከራ ሆነ።

የሙከራው ቀን ጠዋት ጨውን እኔ ራሴ በማንኪያ እያወጣሁ ሰጠኋቸው። ለአራቱም እኩል፣ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ። ጥቂት ውሃ ቢኖረው ነው፣ ልዩነቱ አይታይም፣ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሠሩ፣ አጠለሉ፣ ማጥለያውን ከከሰል ምድጃው በላይ በሽቦ ወንፊት ላይ አደረቁ፤ ከሰዓት በኋላ ለመመዘን ወደኔ መጡ።

መጀመሪያ የመጣችው አስቴር ነበረች፣ የከተማ ልጅ፣ ሳቂታ። ማጥለያዋን በጣቴ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ገና ውሃ አለበት። በሌላ ቀን ቢሆን አፌን ሳልከፍት በአገጬ ወደ ምድጃው እመልሳታለሁ። ያን ቀን ሳህኑ ላይ አስቀምጪ አልኳት። ዘጠኝ ነጥብ አምስት። ደስ ብሏት ሄደች። ቀጥሎ የመጡት የሁለቱም እርጥብ ነበር፤ ሁለቱንም አሳለፍኳቸው፤ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት፣ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ለምን አሳለፍኳቸው? ቢያደርቁት ቁጥሩ እንደሚወርድ፣ የአራቱም አንድ ላይ ከወረደ መምህሩ ወደ ብልቃጡ እንደሚያይ ስለገባኝ ነው። ወረቀታቸው ላይ የቀረው ውሃ የኔን ጉድለት ሞላልኝ። እኔ፣ እትዬ ሚዛን፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ይህን አደረግሁ።

ለሊሴ መጨረሻ መጣች። መዘነች። እኔን አላየችም፣ ቁጥሩን ጻፈችና ወደ ምድጃው ተመለሰች። እንደገና መጣች፤ ቀንሷል። ተመለሰች። ሦስተኛ መጣች፤ ሰባት ነጥብ ሁለት። አራተኛ መጣች፤ ሰባት ነጥብ ሁለት። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆኑ። ያስተማርኳትን አንዲት ነገር አንድም ሳታጎድል ሠርታ ከሚጠበቀው ከመቶ ሰባ ሁለቱን አገኘች። በዚያ ክፍል ውስጥ የተጻፈ ብቸኛው እውነተኛ ቁጥር እሱ ነበር፤ ይህን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ።

መምህር ግርማ ክፍሉ ሁሉ ባለበት ደብተሮቹን ሰብስቦ አየ። የሷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ለሊሴ፣ ሦስት ግራም ሊሆን ምንም ያልቀረውን የት አደረስሽው?» አላት።

ከኋላ አንዱ ልጅ «አስራት አውጥታ ይሆናላ፣ ጴንጤ አይደለች» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «አስራትማ ካሥር አንድ ነው፤ ይሄ ለቄሱም ለሰባኪውም ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳይፈልግ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ይህን ልዘለው ፈልጌ ነበር፤ ሳልዘልል ልናገር ብያለሁና ጻፍኩት።

እሷ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ በቀስታ፣ እንደማትከስ ሰው፣ «መምህር፣ ጨው ምናልባት ደረቅ ባይሆንስ?» አለች።

መምህር ግርማ ወደኔ ዞረ። «ወይዘሪት በላይነሽ፣ ጨው እንዴት ነው?»

«ደረቅ ነው» አልኩ። «በእጄ የጻፍኩት ነው።»

የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። ቢያበቃ ምን አለ። እሷ ግን እውነተኛ ልጅ ነበረችና ቁጥሯን ዝም ብላ አልጣለችውም። ጥቂት ጨው በቴስት ቲዩብ አድርገን ብናሞቀውስ አለች፤ ውሃ ካለው ከላይ ቀዝቀዝ ያለው መስታወት ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ይታያል። ልክ ነበረች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። መምህሩም «ደግ ነው፣ እናሙቀው» አለ፤ የስፒሪት መብራቱን አምጪ አለኝ።

«ስፒሪት አልቋል» አልኩ።

የምድጃው ከሰል በዚያ ሰዓት አመድ ሆኗል፤ ስፒሪቱ ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

መምህሩ ትከሻውን ሰበቀ። እኔ ደረቅ ካልኩ ለሱ ደረቅ ነው፤ ለማን አይደለም? በዚያ ትምህርት ቤት የኔን ቃል የሚጠራጠር አንድ ሰው አልነበረም። የመጨረሻ ተስፋዬ፣ ወይም የመጨረሻ ፍርሃቴ፣ ለሊሴ ራሷ እንዳታምነኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ብትቆጣ፣ በዓይኗ ብትከሰኝ፣ ምናልባት ቁልፉን አወጣ ነበር። ምናልባት እላለሁ እንጂ ራሴን አላምነውም። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«እትዬ ካሉ ልክ ነው» አለች። «የኔ እጅ ነው እንግዲህ።»

በማግሥቱ እንድትደግመው ተፈቀደላት። ከዚያው ብልቃጥ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ አወጣሁላት። ሰባት ነጥብ ሦስት አገኘች። ቸልተኛ የሆነ ሰው ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም። ይህን መምህሩ ሊያስተውል ይገባ ነበር፤ ግን እሱን ምን ልወቅሰው? የኔ ቃል ከቁጥሩ በልጦበት ነው። በደብተሯ ላይ «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ብሎ ጻፈ። ደብዳቤው ለአስቴር ተጻፈ። አስቴር አልዋሸችም፣ ማንም አልመለሳትም እንጂ፤ በሷ አትፍረዱ።

እኔ ምን አደረግሁ? የዚያን ሳምንት ዓርብ ልጆቹ ከወጡ በኋላ የተረፈውን ጨው በባልዲ አሟሙቼ ከአጥሩ ሥር ደፋሁት። ብልቃጡን አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ለጽሕፈት ቤቱ «ካልሲየም ክሎራይድ አልቋል» ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

ማንም እንዲህ ሊልልኝ ይችላል፤ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ብልቃጥ የሰበረ ሰው እንኳ «አሻጥረኛ» ተብሎ ስብሰባ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ነበር፣ ፈርታ ነው። ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ እውነት ነው። ግን እኔ በዚያች ቅጽበት ስለ ስብሰባ አላሰብኩም። መምህር ግርማ አያስከስሰኝም፤ ይህን አውቃለሁ። ያሰብኩት ስለ ብልቃጡ ወረቀት ነው። «ደረቅ» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት የጻፍኳት ወረቀት ውሸታም እንዳትባል። «እማማ» ብለው የሳቁብኝ ልጆች፣ አሁን አድገው የሄዱ፣ የት እንዳሉ እንኳ የማላውቃቸው፣ እንደገና እንዳይስቁብኝ። ይኸው ነው። የአንዲት ልጅ ዕድሜ የከፈልኩበት ዕቃ ይህን ያህል ነው የሚመዝነው።

ለሊሴ የመልቀቂያ ፈተና ውጤቷ አላሳለፋትም። ወደ ደንዲ ተመለሰች። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ተማሪ እመልሳለሁ፣ ወረቀት በጣቴ እነካለሁ፣ «እትዬ ሚዛን» ይሉኛል፣ አቤት እላለሁ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባዬ እናት አርፈው ለልቅሶ ጊንጪ ወረድኩ። ከልቅሶው ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከመንገዱ ማዶ ሮጣ መጣች። «አካም ጅርቱ፣ አዴ ሚዛን» ብላ ሁለት እጄን ያዘች። አወቅኋት፤ ለሊሴ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ድሮው ቀስ ያለ ነው። አስተማሪ አግብታለች፣ ቤቷ እዚያው አጠገብ ነው። እምቢ ብል አልለቀቀችኝም። ድንች ቅቅልና እርጎ አቀረበችልኝ። በጠረጴዛዋ ላይ የድሮ የኬሚስትሪ ደብተሯ አልነበረም፤ ምንም መጽሐፍ አልነበረም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ያን ነው።

ስለ ልጆቿ፣ ስለ አባቷ ጤና ነገረችኝ። ከዚያ እየሳቀች አንድ ነገር አነሣች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አሥራ ሁለተኛ መጨረሷን ሰምቶ ደም በመስታወት ላይ ቀብቶ መመርመር ላስተምርሽ፣ ሰው አጥቻለሁ፣ ብሎ ሁለት ጊዜ ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ባሏም ሂጂ ብሏት ነበር።

«እምቢ አልኩት» አለች። «የሰው ደም ነው፤ ጥንቃቄ ለሚፈልግ ሥራ የኔ እጅ አይሆንም። እርስዎ ያውቁታል እኮ፤ አይተዋል።»

አልተማረረችም። ቁመቴ አጭር ነው እንደሚል ሰው፣ የታወቀ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረችው። ሥልጠናውን ብቻ የነፈግኋት መስሎኝ ነበር፤ እሱን በልቤ ስንት ጊዜ መዝኜዋለሁ፣ ቦታ ነው፣ ሌላ ቦታ ታገኛለች እያልኩ። ለካ ያች የዋሸኋት ቃል ከሷ ጋር ደንዲ ድረስ ሄዳ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ አሁንም በየበሩ ቀድማት ቆማ «አንቺ አትሆኚም» ትላታለች። ሌላ ቦታ ቢመጣም ራሷ ትመልሰዋለች። ካየኋቸው እጆች ሁሉ የታመነው የሷ ነበር፣ ከኔ እንኳ ይበልጥ፤ እኔ ነኝ ይህን ላውቅ የምችል፣ እኔው ነኝ የደበቅሁት።

ድንቹ በአፌ ነበር። ዋጥኩት። ከዚያ አንድ ነገር ማለት ይጠበቅብኛል፤ ሁሉ ነገር ገና ይቻል ነበር፣ ልጁ ተኝቷል፣ ባሏ አልመጣም፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ምን አልኩ?

«አይዞሽ» አልኩ።

ሦስተኛ ውሸት ብላችሁ ቁጠሩት፤ ከሁለቱ የከፋ እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስዋሽ ምን እንደማጠፋ አላየሁም ነበር። ይህኛውን ያጠፋሁት ነገር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እርጎ እየጨመረልኝ ነው የዋሸሁት። እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። መስኮቱ ሥር ቆማ እጇን አወዛወዘች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ለምን አሁን ጻፍሽው ብትሉኝ በቂ መልስ የለኝም። ያመመኝ ነገር የለም፣ ሕልምም አላየሁም። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ያገኘው ቁጥር ዝቅ ቢልበት፣ ከመጠየቁ በፊት «የኔ ጥፋት ነው እትዬ» አለኝ። ብልቃጡን አነሣሁ፣ በቴስት ቲዩብ አሞቅሁት፣ ደረቅ ነበር፤ ጥፋቱ በእርግጥ የልጁ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በማግሥቱ መጻፍ ጀመርኩ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ በጥሩ ገልብጬዋለሁ። አንደኛው የሷ ነው፤ ሁለተኛው እናንተ ዘንድ ከደረሰ እሷ አንብባው ፈቅዳለች ማለት ነው። በፖስታ አልልከውም። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ጊንጪ እወርዳለሁ፤ በእጇ ሰጥቼ አንብባ እስክትጨርስ ፊቷ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወደ ድሬሰሩ አብረን እንሂድ እላታለሁ፤ እምቢ ካለች ብቻዬን ሄጄ ስለ እጇ የማውቀውን እነግረዋለሁ።

«ይቅር በይኝ» ግን አልላትም። ለሊሴን አውቃታለሁ፤ ቃሉን ሳልጨርሰው ይቅር ትለኛለች፣ አባቷ እንደዚያ አድርገው ነው ያሳደጓት። እኔ ቀልሎኝ ወደ አምቦ እመለሳለሁ፤ እሷ ያን ሁሉ ዓመት ይዛ ትቀራለች። ያን ቀን መቆጣት ሲገባት እኔን አምና ራሷን ወቀሰች፤ ያ ቁጣ የሷ ነው፣ ሳትቆጣው ልወስድባት አልችልም። መጀመሪያ ትቆጣ። የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሎኝ ቢሄድም እቀመጣለሁ።